ሰዓት የማይጠየቅበት መንገድ

ጎምቦ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደርስበትን ሰዓት አፍ አውጥቶ ተናግሯል። ያን ቀን አጠገቡ ነበርኩ። ሰውየውን ሳታውቁት ግን ነገሩ ምን ያህል እንደከበደ አይገባችሁምና መጀመሪያ ስለ እሱ ትንሽ ላውራ።

ከኡላንባታር እስከ ሆቭድ በመኪና አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ አምስት ኪሎሜትር ነው። በአየር ለሚሄድ ከዚያ ላይ ሦስት መቶ ያህል ይቀነስለታል፤ አውሮፕላን ተራራ ዞሮ አይሄድማ። በአየር ሦስት ሰዓት የማይሞላውን መንገድ የእኛ አውቶቡስ አንድ ቀን ከምናምን ይፈጅበታል። ይህን ቁጥር ጎምቦ ለጠየቀው ሁሉ ሳይሰለች ይነግራል። ኪሎሜትር መጠየቅ ነውር የለበትም። ሰዓት ግን አይጠየቅም። «መቼ እንገባለን?» የሚል ተሳፋሪ ከመጣ ጎምቦ እንዳልሰማ ሆኖ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርገዋል፤ አጠገቡ የተቀመጡት ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ጠያቂውን በዓይናቸው ይበሉታል። መንገደኛ በዚህ ሰዓት እገባለሁ ብሎ ቆርጦ ከተናገረ መንገዱ ይሰማዋል፣ ሰምቶም እልህ ይይዘዋል። ከተማ ያደጉት ይስቁብናል። ይሳቁ። ጎማቸው ፈንድቶ ጥግ ቆመው ሳያቸው እኔም ስቄ አልፋለሁ።

ጎምቦ የሆቭድ ልጅ ነው። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞተ፤ እናቱ እማማ ያንጂማ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት እየሠሩ እሱንና እህቱን ናንሳልማን አሳደጉ። በሃያ ሦስት ዓመቱ የጭነት መኪና ላይ ወጣ። ያኔ አስፋልት የሚባል ነገር አልነበረም፤ መንገዱ ሦስት ቀን፣ ጭቃ ከሆነ አምስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ እንቅልፉም መኪና ሥር ነበር። አስፋልቱ ሲመጣ ወደ አውቶቡስ ተዛወረ። እኔ ሳንዳግ ተቀያሪ ሾፌሩ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ነዳን፤ አንዱ ሲነዳ አንዱ ከኋላ ይተኛል። ሚስቴ ከእሷ ይልቅ ከጎምቦ ጋር ብዙ እንዳደርኩ እየቆጠረች ታበሽቀኛለች። እውነቷን ነው።

ዝምተኛ ነው። የፊት መስታወቱን በየማረፊያው ይወለውላል፤ ደረቅ አይብ እንደ ከረሜላ ጉንጩ ውስጥ ይዞ ይውላል። አውሮፕላን ላይ ወጥቶ አያውቅም። ለምን ሲባል፣ እዚያ ላይ ዳር ይዞ መቆሚያ የለም ይላል።

እማማ ያንጂማ ደግሞ ሌላ ሰው ናቸው። ጎምቦ ከሆቭድ በወጣ ቁጥር በራፋቸው ላይ ቆመው መንገዱ እንዲቀናው በእንጨት ጭልፋ ወተት ከጎማው ኋላ ይረጫሉ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መቼ ትመለሳለህ ብለውት አያውቁም። ሲመለስም የሚሉት ያው አንድ ነገር ነው፤ «መንገዱ ደህና ነበር?» ከዚያ የተቆራረጠ ሊጥ የተቀቀለበት የበግ ሾርባ ይቀርባል። ሾርባው ሁልጊዜ ትኩስ ነው። በረዶ አንድ ቀን ሙሉ አስሮን ውሎ ስንገባም ትኩስ ነው። እኔማ ጠንቋይ ናቸው እንዴ ብዬ ጠርጥሬአቸው ነበር።

ያን ዓመት፣ አቧራ በሚነሳበት የጸደይ ወር፣ ኡላንባታር ሆነን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ለመውጣት አውቶቡሱን ስናዘጋጅ ማለዳ ላይ ናንሳልማ ደወለች። እናታቸው እህል ከቀመሱ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል፤ ሐኪሙ አይቷቸው ከወጣ በኋላ በር ላይ ቆሞ፣ ሩቅ ያለ ልጅ ካለ ይምጣ ብሏታል። ጎምቦ ስልኩን ዘግቶ መስታወቱን መወልወል ጀመረ። ከአምስት ደቂቃ በፊት የወለወለውን መስታወት ነው።

በአውሮፕላን ትሄዳለህ አልኩት። አራት ሰዓት የሚነሳ ነበረ፤ እስከ ቀትር እናቱ ጎን ይቀመጣል። አውቶቡሱን ሌላ ሾፌር ለምኜ እኔ እወስዳለሁ። እምቢ ማለት ፈልጎ ነበር፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ግን ኪሎሜትሩን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ታክሲ ውስጥ አስገብቼ በሩን ራሴ ዘጋሁበት።

የሆነውን በኋላ ነው የነገረኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። እዚያ ሲደርስ ሆቭድ ላይ ነፋስ ስላለ በረራው ዘግይቷል ተባለ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እናሳውቃለን። ከሁለት ሰዓት በኋላም ከሁለት ሰዓት በኋላ እናሳውቃለን ተባለ። ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተው። ከመስታወቱ ማዶ አውሮፕላኑ ቆሟል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አንድ ሺህ ኪሎሜትር ርቆ ያለ ነፋስ እሱን እዚህ አስሮታል። ይህ ሊገባው አልቻለም። መንገድ ላይ ነፋስ ካለ ፊትህን ይመታሃል፣ ታየዋለህ።

ሰባት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ነበሩ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

«ልጄ፣ መቼ ትደርሳለህ?» አሉት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያልጠየቁት ሰው ናቸው። ዛሬ ከጠየቁ፣ ከመንገዱ እልህ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ደጃፋቸው ላይ ቆሟል ማለት ነው። እየመጣሁ ነው እማዬ ብቻ ብሎ ዘጋው፤ ሰዓት ከአፉ አልወጣም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያው ተናገረ። የሆቭድ በረራ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል፣ በሆቭድ ሰዓት አቆጣጠር ለምሽቱ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ያርፋል። በደንብ ስሙኝ፤ ያርፋል ነው ያለው። ከነደቂቃው፣ በድምፅ ማጉያ፣ ሕዝብ በሞላበት። ጎምቦ ዙሪያውን አየ። አንድም ሰው አልደነገጠም፤ አንዷማ ቤቷ የተቀመጠች ይመስል ተረጋግታ ጥፍሯን ትቀባለች። በየጉዞው አርባ አምስት መንገደኛ እንዲህ ዓይነት ቃል እንዳያወጣ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ እንዲህ በተባለበት አውሮፕላን ላይ እንዴት ይውጣ? እንደዚህ ተብሎ የደረሰ መኪና አላየም። ሻንጣውን አንስቶ ወጣ።

ሲደውልልኝ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። «ጠብቀኝ፣ በመንገድ ነው የምሄደው» አለኝ።

«አብደሃል?» አልኩት። ከዚያ ምክንያቱን ነገረኝ፤ እጠብቅሃለሁ አልኩት። አሁን ተቀምጬ ሳወራ ሞኝነት እንደነበረ አውቃለሁ። ግን ልዋሽ አልፈልግም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ሻንጣዬን አንስቼ እወጣ ነበር።

አርባ ደቂቃ አውቶቡሱን ይዤ ቆየሁ። ምንጣፍ ነጋዴው ፑንሳግ፣ ጥቅሎቹን ጣራ እስኪነኩ ያስጫነ ሰው፣ አፉን አልዘጋም። እኔን ሰነፍ፣ አውቶቡሱን የሞተ ግመል እያለ ሰደበ። የሾፌሩ እናት ታመዋል ስለው ዝቅ አለ እንጂ አልተወም። ጎምቦ እየሮጠ መጥቶ በቀጥታ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ ለማንም ሰላም አላለም።

ከከተማው መቶ ኪሎሜትር ሳንርቅ ከላያችን አውሮፕላን ሲያልፍ ሰማን። ጎምቦ የጎኑን መስታወት ዝቅ አድርጎ ወደ ላይ አየ። የሆቭዱ መሆኑን ማን ያውቃል አልኩ። መስታወቱን ብርዱ እስኪገባ ድረስ አልዘጋውም።

ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎሜትር ላይ፣ የአሸዋ ክምር ያለበት ቦታ፣ ለራት ቆምን። ሾርባ እንደቀረበልን ናንሳልማ ደወለች። የጎምቦ ስልክ ከሩቅ ይሰማል፤ ሁላችንም ሰማን።

«ጋሼ፣ የት ነህ? ባለቤቴ ሄዶ አውሮፕላኑ ካረፈ ጀምሮ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ቆመ። አንተ የለህም።»

አርፏል። የተባለው ደቂቃ ላይ አርፏል። ጎምቦ ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ሰው ራሱን እንደዚያ ሲጠላ አይቼ አላውቅም።

«አሸዋው ጋ ነኝ» አለ።

ናንሳልማ የሾፌር እህት ናት። አሸዋው የት እንደሆነ ታውቃለች፤ ከዚያ እስከ እሷ በር ምን ያህል እንደቀረም ታውቃለች። ስትናገር እያለቀሰች ነበር።

«እማዬ ሰዓቱን ንገሩኝ ትላለች። ሰዓቱን ካወቅኩ እስከዚያ እጠብቀዋለሁ አለች። ሌላ ነገር አትናገርም፤ ከመሸ ጀምሮ ይህንኑ ነው። ጋሼ፣ እባክህ የሆነ ሰዓት በላት።»

በላተኛው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ሳትቀር ድስቱ ላይ ጭልፋዋን ይዛ ቆመች። ጎምቦ አየኝ። በዚያ ሰዓት ስንት ሰዓት ልንገባ እንደምንችል በልቤ አሰላሁ፤ በተለመደው አነዳድ ነገ ከሰዓት በኋላ በኡላንባታር አሥር ሰዓት። እሱም ያንኑ ሲያሰላ ነበር።

«ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊው» አለ። ከዚያ ተነስቶ ቆመ። «እማዬ፣ ነገ ሰባት ሰዓት እደርሳለሁ። በከተማው ሰዓት አይደለም፣ በአንቺ ሰዓት ነው። አልጋሽ ፊት ለፊት ያለው የግድግዳ ሰዓት ሰባት ሲል ቤት ነኝ።»

ሆቭድ ከኡላንባታር በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ለዚህ ነው የግድግዳውን ሰዓት የጠቀሰው። ያቺን አንድ ሰዓት ቢጨምርባትም በእኛ አውቶቡስ የማይሆን ነገር ነው የተናገረው።

እማማ ደጂድ የሚባሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ አሮጊት፣ ፔርሙዛቸውን ይዘው ወጡ። አውቶቡሱ ፊት ቆመው ወተት ያለበትን ሻይ በክዳኑ እየቀዱ ወደ መንገዱ ረጩ። ንጹሕ ወተት አልነበራቸውም። ሲመለሱ ፑንሳግ ተነስቶ ቆሞ ነበር።

«እንግዲህ ቃሉ ወጥቷል» አለ ለሁሉም። «ሾርባችሁን ቶሎ ጠጡና ግቡ። ከዚህ በኋላ ለሽንት ካልሆነ የሚወርድ የለም፤ እሱንም የምትችሉ ያዙት።»

ያን ሌሊት እንዴት እንዳለፈ ብዙ አልናገርም። ጎምቦ መሪውን አልለቅም አለ። አርቫይሄር ከተማ ላይ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ መስመሩን ሁለት ጊዜ ሲስት አየሁት። ከአርባ አምስት ሰው ጋር ገደል ከገባህ እናትህ የምትጠብቀው ማንን ነው አልኩት፤ ክርኑን ይዤ ከወንበሩ አስነሳሁት። ከኋላ ተኛ ስለው አልተኛም። ከጀርባዬ ቁጭ ብሎ በየሃምሳ ኪሎሜትሩ የቀረውን ቁጥር በሹክሹክታ ይጠራል። ሰባት መቶ ዘጠና። ሰባት መቶ አርባ። የሞት ያህል አስጨነቀኝ፤ ዝም በል ማለት ግን አልቻልኩም።

አልታይ ከተማን ያለፍነው በጊዜው ነው። እንዲያውም ትንሽ ተርፎን ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ተስፋ አደረገ። ከዚያ ነፋሱ መጣ። ትናንት አውሮፕላኑን ያሰረው ነፋስ እኛን ሊጠብቅ የዋለ ይመስል ከምዕራብ አቧራውን ተሸክሞ መንገዱን ከፊታችን ወሰደው። መብራት አብርተን በእግር ፍጥነት ሄድን። ጎምቦ አሁን መሪው ላይ ነበር፤ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። አንድ ሰዓት እንዲህ ሄድን። አቧራው ሲገልጥልን ደግሞ የኋላው ጎማ ተነፈሰ።

ክሪኩን ሳወጣ ፑንሳግ ኮቱን አውልቆ ቀደመኝ። ያ የምንጣፍ ጌታ አቧራው ላይ ተንበርክኮ ብሎኑን ሲፈታ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ትርፍ ጎማውን ስድስት ሰዎች ተሸክመው አመጡ። እንደዚያ ፈጥኖ የተቀየረ ጎማ አላየሁም፤ ሆኖም ሃያ ደቂቃ በላን።

ጎምቦ ዳር ቆሞ ነበር። ሊረዳን አልመጣም። ጠጋ አልኩት።

«ተናገርኩት ሳንዳግ» አለኝ። «አፌን ይዤ ብኖር ኖሮ።»

እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር። ግን ተቆጣሁ፤ ሲጨንቀኝ ቁጣ ይቀናኛል። «ዝም በልና ንዳ» አልኩት።

ስልክ የማይሠራበት አገር ነው። ናንሳልማን ልናገኛት አልቻልንም። በሆቭድ ሰዓት ሰባት ሲል እኛ ገና ሠላሳ አምስት ኪሎሜትር ይቀረናል። እኔ የእጅ ሰዓቴን እጅጌዬ ውስጥ ደበቅኩ፤ ምን ዋጋ አለው፣ አውቶቡሱ ውስጥ ሰዓቱን ያላወቀ አልነበረም። እማማ ደጂድ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። ጎምቦ አላለቀሰም፤ ብቻ እንባው በራሱ ይወርድ ነበር፣ እጁን ከመሪው አንስቶ አልጠረገውም።

ወደ መናኸሪያው አልሄድንም። ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ አፍ፣ በቀጥታ ወደ ቤት ንዳ አለው። ያ ትልቅ አውቶቡስ በዚያች ጠባብ መንደር በአጥሮቹ መሃል እየታከከ ገብቶ የእማማ ያንጂማ በር ላይ ቆመ። ናንሳልማ በራፉ ላይ ቆማለች። ፊቷን አይቼ ምን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ስልኬ በሆቭድ ሰዓት ሰባት ከሠላሳ አምስት ይላል።

ጎምቦ ገባ፤ እኔም ተከተልኩ። ቤቱ የሾርባ ሽታ ሞልቶታል። እማማ ያንጂማ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አንሰው የልጅ ቁመት አክለዋል፣ ዓይናቸው ግን ክፍት ነው። ጎምቦ አልጋው ሥር ተንበረከከና ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ።

«መንገዱ ደህና ነበር?» አሉት።

«ደህና ነበር እማዬ» አለ።

እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ወደ ግድግዳው አዩ። «አየህ» አሉ፣ «ሰባት ሰዓት እንኳ አልሞላም።»

እኔም ቀና ብዬ አየሁ። የግድግዳው ሰዓት ለሰባት አምስት ጉዳይ ይላል። ናንሳልማ በሩ ላይ ሆና በዓይኗ ተማጸነችኝ፤ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ውጭ ስንወጣ ነገረችኝ። ሰባት ሊሞላ ሲል እናቷ መልሺው አሏት። ሃያ ደቂቃ መለሰችው። እንደገና ሊደርስ ሲል እንደገና መልሺው አሏት። ልጄ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቃል አላወጣም፣ ዛሬ ለእኔ ብሎ አወጣ፤ መንገዱ ዋሾ አያደርገውም አሏት። ሾርባውንም ከንጋት ጀምሮ አስጥደውት ነበር። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት፤ እሱ ሊገባ ይችላል ከሚባልበት ቀን ማለዳ ጀምሮ ድስቱ አይወርድም። ያልመጣ ቀን የጎረቤት ውሾች ይጠግባሉ። እኔ ሞኙ ጠንቋይ ናቸው እል ነበር።

ልጃቸው ከሾርባው ሦስት ማንኪያ አጎረሳቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አረፉ፤ ጎምቦ እጃቸውን ይዞ ነበር።

አሁንም ይነዳል። ወተቱን የምትረጭለት ናንሳልማ ናት። ኪሎሜትር ከጠየቃችሁት ይነግራችኋል፤ ሰዓት ከጠየቃችሁት ሬዲዮኑን ከፍ ያደርገዋል። የግድግዳው ሰዓት ያን ቀን ወደ ኋላ መመለሱን ያወቀ ይሁን አይሁን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ባለፈው መኸር እማማ ያንጂማ ቤት ሻይ ስንጠጣ አንድ እንግዳ የግድግዳው ሰዓት አርባ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል ብሎ ሊያስተካክለው ወንበር ላይ ወጣ። ጎምቦ ተነስቶ እጁን ያዘው።

«ተወው» አለ። «ትክክል ነው።»